ጨብጥ ሲቀንስ ቂጥኝ ሲበዛ

እ.ኤ.አ. በ1990 ራሽያ ውስጥ ከ100,000 ሰው ቂጥኝ የተመዘገበበት 5 ሰው ገደማ ነበር። በ1997 ቁጥሩ 277 ደረሰ። ከሃምሳ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ደብረ ማርቆስ ቡና ላይ ይህን ሳወራ ወጣቶቹ ሐኪሞች አያምኑኝም። "ጋሼ፣ ዜሮ አልጨመሩም?" ይሉኛል። አልጨመርኩም። መጀመሪያውን እዚያው ሆኜ አይቸዋለሁ።

የቢቸና ልጅ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተምሬ በ1979 ዓ.ም. መጀመሪያ በስኮላርሺፕ ሶቭየት ኅብረት ሄድኩ። የቋንቋውን ዓመት ከጨረስኩ በኋላ ሕክምና ያጠናሁት ቮሮኔዥ ነው። ከሞስኮ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። አፈሩ እንደ ቢቸና መረሬ ጥቁር ነው፤ መጀመሪያ ያጽናናኝ እሱ ነበር። ዲግሪዬን ይዤ እዚያው የቆዳና የአባላዘር በሽታ ስፔሻሊቲ ገባሁ። ለቀዶ ሕክምና ሰልፉ ረጅም ነበር። ለእኛ ክፍል ወረፋ የሚባል ነገር አልነበረም። ለእናቴ በጻፍኩላት ደብዳቤ ላይ "የቆዳ ሐኪም" ብቻ አልኩ። ቢቸና ውስጥ በእናት ፊት የሚጠራ በሽታ አለ፣ የማይጠራም አለ።

የሶቭየቱን አሠራር ያላየ ሰው ማመን ይቸግረዋል። በየከተማው ዲስፓንሰር የሚባል የቆዳና የአባላዘር ተቋም ነበር። ቂጥኝ የተገኘበት ሰው ስሙ፣ አድራሻውና የሥራ ቦታው ይመዘገባል። ከማን ጋር እንደተኛ ይጠየቃል። እስኪናገር ድረስ ይጠየቃል። ከዚያ ነርሷ አድራሻውን ይዛ የሰው በር ታንኳኳለች። እምቢ ያለውን ሚሊሽያ ይዞት ይመጣል፤ የዚያን ጊዜው ፖሊስ ማለት ነው። እያወቁ ማስያዝም ሆነ ከሕክምና መሸሽ በወንጀል ያስከስሳል።

ታማሚው ለሳምንታት ይተኛል። ፔኒሲሊን በየሦስት ሰዓቱ ይወጋል፣ ሌሊትም ሳይቀር። ከወጣም በኋላ ለዓመታት እየተጠራ ደሙ ይታያል። በዚያው ጊዜ ሌላው ዓለም ለጀማሪ ቂጥኝ የሚሰጠው 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነበር። አንድ ጊዜ ተወግቶ ወደ ቤት። ለምን እንደዚያ እንደማናደርግ አንዱን መምህሬን ጠይቄው ነበር። ትከሻውን ነቀነቀ። እኔ በኋላ የደረስኩበት አልጋው ግማሹ ለመድኃኒቱ፣ ግማሹ ለምርመራው እንደነበር ነው። ምርመራ ስል የፖሊሱን ዓይነት ማለቴ ነው።

ደም መመርመሩም የማይቀር ነበር። ነፍሰ ጡር ትመረመራለች። በማንኛውም ሕመም ሆስፒታል የተኛ ይመረመራል። የመዋዕለ ሕፃናት ወጥ ሠሪ፣ የዳቦ ቤት ሻጭ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ሁሉም። ፈቃድ የሚጠይቃቸው የለም። ውጤቱን ግን መካድ አይቻልም፤ ከ100,000 ሰው 5 ማለት አንዳንድ ሀብታም አገሮችን የሚያስቀና ነበር። ነርሶቹ ታማሚዎቹን ሲያመናጭቁ መስማት ሌላ ነገር ነው። አያቴን የምታህል ሴትዮ "የት ስትዞሪ ከርመሽ ነው?" ስትባል ሰምቻለሁ። ሴትዮዋ በሽታው የያዛት ከባሏ ነበር።

እኛ አፍሪካውያን ተማሪዎችም ከዚህ ዓይን አላመለጥንም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1987 የወጣው ድንጋጌ ሌላውን ሰው ለኤድስ ቫይረስ ያጋለጠ እስከ 5 ዓመት፣ ያስያዘ እስከ 8 ዓመት ይታሰራል ይላል። አልመረመርም ያለ የውጭ ዜጋ ከአገር ይባረራል። ከዕረፍት በተመለስን ቁጥር ክንዳችንን እንዘረጋለን። ትሮሊባስ ላይ አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ ሰዎች ተነሥተው ሲቆሙ ለምጄው ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1988 መጨረሻ የኤሊስታ ነገር ወጣ። ኤሊስታ በደቡብ ራሽያ ያለች ከተማ ናት። ከ70 በላይ ሕፃናት በኤችአይቪ ተይዘው ተገኙ። ያስያዛቸው ደጋግሞ ያገለገለ የሆስፒታል መርፌ ነው። አገሩ ሁሉ እኛን ሲጠብቅ ቫይረሱ በነጭ ጋዋን በኩል ገባ።

ከዚያ 1983 ዓ.ም. መጣ። የካቲት ላይ ጎጃም በኢሕአዴግ እጅ ገባች፤ ከቤት ደብዳቤ ተቋረጠ። ግንቦት ላይ ደርግ ወደቀ። ነሐሴ ላይ ሞስኮ ጎዳና ታንክ ወጣ። በፈረንጆች ገና ማግስት ደግሞ ሶቭየት ኅብረት የሚባለው አገር ራሱ ቀረ። የላከኝ መንግሥትም የተቀበለኝ መንግሥትም ሁለቱም የሉም። እንደኔ ያለው ተማሪ ሁሉ ግራ ገብቶት ነበር። አንዱ ጂንስ ይነግዳል፣ አንዱ ጀርመን ለመሻገር ይሞክራል። እኔ የሌሊት ነርስ ሆኜ ተቀጠርኩ።

እ.ኤ.አ. ጥር 1992 ላይ የዕቃ ዋጋ ተለቀቀ። በዚያ ዓመት ብቻ የዋጋ ንረቱ ከ2,500 በመቶ በላይ ሆነ። የሐኪም ደመወዝ ቢመጣም ለቋሊማ አይበቃም፤ አንዳንድ ወር ደግሞ ጭራሽ አይመጣም። ሚሊሽያው ሰው ማምጣት ተወ። እሱም የራሱ ጣጣ ነበረበት። ነርሷም የሰው በር ማንኳኳት አቆመች። ለትራንስፖርት የሚከፍላት የለም፣ በሩን የሚከፍትላትም የለም።

በምትኩ ማስታወቂያ መጣ። በየትራም ፌርማታው ምሰሶ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይለጠፋል። ስም አይጠየቅም፣ በአንድ ቀን እናድናለን፣ ይህ ስልክ ቁጥር። አንቲባዮቲኩ በየኪዮስኩ ከሲጋራና ከማስቲካ ጎን ይሸጣል። ማስታወቂያውን ከሚለጥፉት ውስጥ የእኛው ሐኪሞች ይገኙበታል። ጠዋት ዲስፓንሰር፣ ከሰዓት በኋላ በየቤታቸው። አልፈርድባቸውም። ልጅ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ የመዝገቡ ነገር ነው። የእኛን ተቋም ብቻ አይደለም፣ የመላ ራሽያን ነው የምላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1993 በኋላ የተመዘገበው ጨብጥ መቀነስ ጀመረ። በ1997 በግማሽ ገደማ ወርዶ ነበር። በዚያው ጊዜ ቂጥኝ ጣሪያ ነካ። እንግዲህ አስቡት። ሁለቱም የሚተላለፉት በአንድ መንገድ ነው፣ በአንድ አልጋ ላይ ነው። እንዴት አንዱ ወደ ታች ሌላው ወደ ላይ ይሄዳል?

ጨብጥ ለወንድ ቶሎ ይታወቃል። በቀናት ውስጥ ያቃጥላል፣ መግል ይወጣል፣ ሱሪ ያበላሻል። ሰውየው ወደ ፌርማታው ወረቀት ይሮጣል። ይከፍላል፣ ይወጋል፣ ይሻለዋል። መዝገብ ላይ አይገባም፣ የተኛት ሴትም አትጠራም። ቂጥኝ ግን ተንኮለኛ ነው። ቁስሉ አያምም፤ ሳይታከም ራሱ ይድናል። ከወራት በኋላ ሽፍታ ቢወጣም እሱም ይጠፋል። ሰውየው የዳነ ይመስለዋል። ደሙ ውስጥ ግን ይቆያል፤ ነፍሰ ጡሯ ስትመረመር፣ ወይም ሰውየው ለሐሞት ጠጠር ሆስፒታል ሲተኛ ይያዛል። ስለዚህ ቂጥኝ በግድ ይቆጠራል፣ ጨብጥ ይደበቃል። ለጨብጥ ተብሎ የተወጋች ትንሽ መድኃኒት ደግሞ ገና በመፈልፈል ላይ ያለ ቂጥኝ ካለ ሳታጠፋው ምልክቱን ታዘገየዋለች። የክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ሴትዮ መዝገቡን ሲያዩ "ጨብጡ የት ሄደ?" ብሎ ለጠየቃቸው "ኪስ ገብቷል" ይሉ ነበር። የማን ኪስ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ጋዜጣው፣ ቄሱ፣ የድሮው ፓርቲ ሰው ሁሉ የሚሉት አንድ ነበር፦ ወጣቱ ባለገ፣ የምዕራብ ፊልም አበላሸው። ድህነቱ እውነት ነው። ቮሮኔዥን አቋርጦ ከሞስኮ ወደ ሮስቶቭ የሚወርደው አውራ ጎዳና ዳር ማታ ማታ ሴቶች ይቆሙ ነበር፤ አንዳንዶቹ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ናቸው። ትልልቅ ሻንጣ ይዞ ቱርክና ፖላንድ የሚመላለስ ነጋዴም በዛ። ይሄ ሁሉ በሽታውን ረድቶታል። ግን ሰው እ.ኤ.አ. በ1985ም ከትዳሩ ውጭ ይተኛ ነበር። እኔ የታዘብኩት ሌላ ነው። ሰባ ዓመት ሙሉ ሰዉ ወደ ዲስፓንሰር የሚሄደው ፈርቶ ነው። ወዶ እንዲሄድ ያስለመደው የለም። ፍርሃቱ ሲነሣ የሚያስኬደው ነገር አልተረፈም። በግድ የተያዘ ሰው በሩ ሲከፈት የት እንደሚሄድ የታወቀ ነው።

በ1988 ዓ.ም. መጀመሪያ አገሬ ገባሁ። ጎጃም ምሥራቅና ምዕራብ ተብላ በዞን ተከፋፍላለች። የተመደብኩበት ሆስፒታል የአባላዘር ሐኪም መጣ ሲባል ሥራ አስኪያጁ በትሕትና መዝገቡን ከፍቶ አሳየኝ። "እዚህ ብዙ የለም፣ ዶክተር። ሕዝባችን ጨዋ ነው።" እውነቱን ነው፣ ተመላላሽ መዝገቡ ላይ መግል ብሎ የመጣ ወንድ በጣት የሚቆጠር ነው። ቀጥዬ የነፍሰ ጡሮቹን የደም ምርመራ አየሁ። የቂጥኙ ምርመራ፣ ቪዲአርኤል የሚባለው፣ ፖዘቲቭ፣ ፖዘቲቭ፣ ፖዘቲቭ። ቮሮኔዥን ለቅቄ የመጣሁ አልመሰለኝም።

ወንዶቹ የት እንዳሉ ለማወቅ ገበያ ቀን መውጣት በቂ ነበር። መርፌ ወጊው ሲሪንጁን በቆርቆሮ ሣጥን ይዞ ጠላ ቤት ጓሮ ይቀመጣል። ቴትራሳይክሊን ክኒን በፍሬ ይሸጣል። ሁለት ፍሬ፣ ሦስት ፍሬ፣ ኪስ እንደፈቀደ። መርፌው ይቀቀል አይቀቀል እግዜር ይወቅ። በዚያን ጊዜ ኤችአይቪ ከደጃችን አልፎ ቤት ገብቶ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1984 በተቀዳ ደም ላይ ተገኝቷል፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ታማሚዎች የታወቁት በ1986 ነው። መንደሩ ግን ጥፋቱን በ1983 ዓ.ም. በእግራቸው በተመለሱት የደርግ ወታደሮች ላይ ነበር የሚያላክከው። አንዳንዶቹ ይዘውት መጥተው ይሆናል። ያንን ያህል ልጅ ጦር ሜዳ ከርሞ ባዶ እጁን ሲመለስ ግን የደም ምርመራ ይቅርና እንኳን ደህና መጣህ ያለው አልነበረም።

ታማሚዎቼን የቀረብኩት በፀሐይ በኩል ነው። እንዲህ ነው ነገሩ። አንድ ጎልማሳ ገበሬ ጋቢውን እያስተካከለ ይገባና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ "ፀሐይ ላይ ሸንቼ ነው ዶክተር" ይለኛል። ጨብጥ በጠራራ ፀሐይ ከመሽናት፣ ወይም ውሻ የሸናበትን ከመርገጥ ይመጣል የሚል እምነት አገሩን የሞላ ነው። ራሽያኖቹ ደግሞ "ባኒያ" ይሉኝ ነበር። የሕዝብ እንፋሎት መታጠቢያ ቤት ነው። "የሌላ ሰው ፎጣ ተጠቅሜ ነው" ይላሉ። መምህራኖቼ እዚያ ላይ ይቆጡና ምርመራውን ይጀምራሉ። ገበሬውን ግን ልቆጣው አልፈለግሁም። ፀሐዩን ተውኩለት። ከመርፌው በኋላ "እንግዲህ ይህ ፀሐይ ባለቤትዎንም ሳያገኛቸው አይቀርም፤ ለገበያ ይዘዋቸው ቢመጡ" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ሳቁ አመለጠው። "እንዴ! የሷስ ፀሐይ የኔው ነው" አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዟት መጣ። ነፍሰ ጡር ናት፣ ሆዷ ገፍቷል። ጨብጡን አክመን ደሟን ስናይ ቂጥኝም አለ። የሱንም አየን፣ እሱም አለ። ሁለቱም ቤንዛቲኑን ተወጉ። ያ መርፌ ወፍራም ነው፣ ያማል፤ ለሁለት ከፍለን በግራና በቀኝ ነው የምንወጋው። እሷ ጥርሷን ነክሳ ዝም ስትል እሱ ነበር "ኧረ በማርያም" ያለው። ልጁ በጤና ተወለደ። ቮሮኔዥ ላይ ግን እናታቸው አንድም ቀን ክትትል ሳትሄድ የተወለዱ፣ መዳፋቸውና እግራቸው ሥር የተላጠ ሕፃናት አይቻለሁ። ስለነሱ ብዙ መጻፍ አልፈልግም።

ስለዚያ ፀሐይ ከባልደረቦቼ ጋር ብዙ ተከራክረናል። ውሸቱን ማጽናት ነው የሚሉኝ ነበሩ። ትምህርቱን አልተውኩም፤ ከመርፌው በኋላ፣ ሰውየው ሱሪውን ታጥቆ ፊቱ ሲፈታ እነግረዋለሁ። ከመርፌው በፊት ኑዛዜ የሚፈልግ ሐኪም ግን ታማሚውን ለጠላ ቤቱ ጓሮ አሳልፎ ይሰጠዋል። ኑዛዜውን የነፍስ አባቱ ይስሙት።

አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ አንድ ባለሥልጣን መፍትሔ አመጣ። የቡና ቤት ሴቶች በፖሊስ ተሰብስበው በየወሩ ይመርመሩ፣ የተገኘባት ትታገድ አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ተነሥቼ ይህን ያደረገ አገር አይቻለሁ አልኩ። ፖሊስ ደንበጫ ሲገባ ሴቶቹ ፍኖተ ሰላም ይገባሉ፤ ፍኖተ ሰላም ሲመጣ ቡሬ። ይዘውት የሚሄዱት በሽታውን ነው፣ ትተውት የሚሄዱት ነርሷን ነው። ደግሞስ ደንበኞቻቸውን ማን ይሰብስብ? እዚያ ላይ አንዳንዱ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ስብሰባው ሳይወስን ተበተነ። ከዚያ በኋላ አንዲት ጎበዝ ነርስ የጠጅ ቤት ባለቤቶችን አንድ በአንድ እየዞረች አግባባች። "ሕይወት ትረስት" ኮንዶም ከባንኮኒው ሥር ይቀመጥ ጀመር። ሴቶቹ ማታ ሳይሆን ጠዋት፣ ሕዝብ ሳይበዛ፣ በጓሮ በር ይመጡልን ነበር። የጓሮ በሩን ቁልፍ የማስፈታቱን ጣጣ ብነግራችሁ አንድ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ይህን ሁሉ አሁን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ጎጃም ምን ላይ እንዳለች አንባቢ ያውቃል። መንገድ ይዘጋል። መድኃኒት የጫነ መኪና በቀኑ አይደርስም። ነፍሰ ጡር ለክትትል ጤና ጣቢያ ለመሄድ ትፈራለች፤ ብትሄድም መመርመሪያው ኪት ያለቀበት ቀን አለ። ያቺ ከጣት የምትወሰድ ጠብታ ደም ካልታየች ቂጥኙን የሚያውቅ የለም። በርካታ ወንድ ከቤቱ ርቆ ነው ያለው፣ በዚህም ወገን በዚያም ወገን። ጡረታ ብወጣም መዝገብ የማየት አመሌ አልለቀቀኝም፤ የማገኛቸው ባለሙያዎች "የአባላዘር ታማሚ ቀንሷል" ሲሉኝ ደስ አይለኝም።

የእህቴ ልጅ እዚሁ ከተማ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። በቀደም ማታ መጥታ "ጋሼ፣ ለጓደኛዬ ነው እያሉ የሚመጡት በዙ። ምን ልበላቸው?" አለችኝ። ጓደኛ የሚሉትን ተቀበያቸው አልኳት። ፍሬ ቆጥረሽ አትሽጪ። ለዚያ ጓደኛ ደሙን የሚያይለት፣ ጠዋት ጠዋት ሰው የማይበዛበት ጤና ጣቢያ የትኛው እንደሆነ ንገሪው፤ የምታውቂያት ነርስ ካለች ስሟን ጥሪለት። ጓደኛውም ጓደኛ ትኖረዋለችና ሁለት ሆነው ይሂዱ በይው። ከደብተሯ ላይ ቁራጭ ወረቀት ቀድዳ የነርሷን ስም ጻፈች። የሱቁ ባለቤት ግን በየቀኑ የተሸጠውን ክኒን ቆጥሮ ነው የሚዘጋው። ደንበኛ መልሳ ጤና ጣቢያ ስትልክ ዝም ይላት እንደሆነ ገና አላወቅንም።